ነጠላ የለበሰው ዓለት

አሶሳ፣ ጥር 1979 ዓ.ም.

ይርጋ ወንድሜ፣

ዛሬ ከከተማው ወጣ ብለን የጥንት ሰዎች በዓለት ላይ የሣሏቸውን ቀያይ ከብቶች አየን። ቀንዳቸው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። የመሥሪያ ቤታችን ፎቶ አንሺ ሀብቱ ግን “ውሃ ሲነካው ይደምቃል” ብሎ ሊረጭበት ጀሪካን አነሣ። ቀለሙ ይጠፋል ብዬ ጮኽሁበት። ጩኸቴን ታውቀዋለህ፤ እሱ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረኝም፣ ክዳኑን ይፈታል።

ይኼኔ ውሃውን ከሠፈራ መንደሩ ያመጡልን የወሎዋ ሠፋሪ እትዬ የወርቅውሃ ብድግ አሉ።

“አንት ሰውዬ፣ ሥዕል በውሃ ሲታጠብ የት አየህ?” ብለው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና ከብቶቹን ጋረዱባቸው፤ ልክ በእኛ ደብር ሥዕል በመጋረጃ እንደሚሸፈን። ሀብቱ ጀሪካኑን አስቀመጠ።

አስጎብኛችን ሼህ ኸሊፋ፣ የአገሬው የበርታ ሕዝብ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠዋት “ሠፋሪ ዛፉን ጨረሰ፣ ድንጋዩንም አይምርም” እያሉ ሲያማርሩ ነበር። አሁን እስኪያስላቸው ሳቁ።

“ወላሂ፣ ይሄ ሴትዮ የእኛ ሰው ሆነ!”

እትዬ ግን ገና አልጨረሱም። “ማየት የፈለገ ጫማውን ያውልቅ!” አሉ።

“መስጊድም እንደዚሁ ነው” ብለው ሼሁ ቀድመው አወለቁ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ እያጉረመረምሁ ተከተልሁ። ድንጋዩ እንደ ምድጃ ይፋጃል! እትዬ ነጠላውን ገለጥ ሲያደርጉለት ሀብቱ በአንድ እግሩ እየዘለለ ፎቶውን አነሣ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን አሰለፈችንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ እግሬ ቢለበለብም ደስ ብሎኛል በላቸው።

ወንድምህ ሞላ