ማይሉን የት ላስገባው?

ጥር 13፣ ከሰዓት 9፡00

የአንዲት የሙሽራ ሚዜ ሹሩባ ግማሽ ሠርቻለሁ። ስልክ። የዝና ናት፣ ታናሽ እህቴ፣ ከዐረብ አገር። ሽንት ቤት ተደብቃ ነው የምታወራው፣ ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። ማዳሟ ኮንትራትሽ አልቋል፣ የመመለሻሽን ቲኬት ራስሽ ቻዪ ብላታለች። የመኖሪያ ፈቃዷ የካቲት መግቢያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ከተያዘች እስር ነው። አንዲት ጓደኛዋ ደግሞ ከቤቱ ጥፊ፣ ሥራ አገኝልሻለሁ እያለች ትጎተጉታታለች።

መጥፋት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደብተሬ። እዚያ ሳለሁ ስንቷ ጠፍታ ወሬዋ ሳይሰማ ቀረ።

ሚዜዋ፣ “እህት፣ በአንድ ጎን ብቻ ነው ሰርግ የምሄደው?” አለችኝ። ጨረስኩላት። ጠሞብኛል። አላየችውም መሰለኝ።

ጥር 14፣ ጠዋት

ገንዘብ የለኝም፣ ያለኝ ሁሉ ይህ ጸጉር ቤት ውስጥ ገብቷል። ማይል ግን አለኝ፣ በአውሮፕላን ለበረረ የሚቆጠርለት፣ በቲኬት የሚመነዘር ነጥብ! እኔም እዚያ ስሠራ ማዳሜ በየበጋው አውሮፓ ስትሄድ ሕፃኑን አሳቅፋ ትወስደኝ ነበር። የመሳፈሪያ ቁራጮቹን አልጣልኩም፣ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ገጽ መያዣ አድርጌያቸዋለሁ። ማይሉ የተሳፋሪው ነው፣ የማዳሜ አይደለም።

ባሕር ዳር ቲኬት ቢሮ ያለችውን ልጅ ደውዬ ጠየቅኋት። ሳትሰለች አስረዳችኝ፣ ትባረክ። የበረርኩበት አየር መንገድ ከሌላ አየር መንገድ ጋር ተባብሮ ይሠራል። ማይሉን ከሁለቱ በአንዱ የአባልነት ካርድ ላይ ማስገባት እችላለሁ። አንዴ ከገባ አይወጣም፣ አይዛወርም። የመጠየቂያው ጊዜም ሊያልፍብኝ ነው።

የበረርኩበት ጋ ካስገባሁት፣ ሙሉውን ይሰጠኛል፣ ያውም ቶሎ። ለየዝና ቲኬት በቅቶ ይተርፋል። ግን ቲኬቱን ለቤተሰብ ብቻ ነው የሚቆርጠው፣ ቤተሰብ መሆናችን ደግሞ በስም ወይም በወረቀት መታየት አለበት።

አጋሩ ጋ ካስገባሁት፣ ለማንም ይቆርጣል፣ ምንሽ ናት ብሎ አይጠይቅም። የሚሰጠኝ ግን ግማሹን ነው። ለአንድ ሰው መምጫ ብቻ የሚበቃ። ማጣራቱ ሳምንታት ይፈጃል። ፈቃዷ ቢቀድመውስ?

የበረርኩበት ይሻላል። ተወሰነ።

እዚያው ቀን፣ 11፡00

አልተወሰነም። እኔ ብርቄ ሙጨ ነኝ። እሷ የዝና ተገኘ ናት። ተገኘ የእናታችን አባት ናቸው። ጡት እንደጣለች ጉና ወስደው እሳቸው አሳደጓት፣ በስማቸው አስጠሯት። ት/ቤትም ፓስፖርትም በዚያው ሄደ። በእኛ አገር ይህ ማንንም ገርሞት አያውቅም፣ አየር መንገዱ ግን እህትሽ አይደለችም ይለኛል። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን! ሳቄም መጣ፣ እልሄም መጣ።

ጥር 16

የመታወቂያና የልደት ወረቀት የሚሰጥበት ጽ/ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው። አባት ተብለው የተመዘገቡት ሰውዬ ራሳቸው ይምጡ፣ በምስክር ፊት ልጄ አይደለችም፣ የልጄ ልጅ ናት ብለው ይፈርሙ፣ ወረቀቱ በዕለቱ ይደርሳል አለኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። “አባቴን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂያቸው” አለች። ታዲያ ልጅሽ እስር ቤት ትግባ? አልኳት። ከአፌ ወጣ። ጥላኝ ወጣች። ጨካኝ ነኝ አንዳንዴ።

ጥር 18፣ ማለዳ

አያታችንን፣ አባዬን፣ በጎረቤታቸው ስልክ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ትበላለች ወይ ብለው ነው። ከዚያ እመጣለሁ አሉ።

የዝና የድምፅ መልእክት ልካለች። ጓደኛዋ ቅዳሜ መኪና ይዛ በራፍ ትጠብቃታለች። ለቅዳሜ ስንት ቀን ቀረ? ሁለት ደንበኛ መለስኩ።

ጥር 20፣ ምሽት

አባዬ ገቡ። እስከ ገሳይ በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና። አንድ ማዳበሪያ ድንች ይዘውልኛል። እግራቸውን አጠብኩላቸው፣ እንደ ብረት ቀዝቅዟል። ራት አቀረብኩ፣ አልቀመሱም።

ወረቀቱን እሷ ታየዋለች? አሉኝ። መዋሸት አማረኝ። አዎ፣ ይላክላታል አልኳቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት።

ነገ ይፈርማሉ፣ ከሰዓት ማይሉን የበረርኩበት ጋ አስገባለሁ፣ ለየዝናም ደውዬ ቲኬትሽ እየተቆረጠ ነው እላታለሁ። እንዲህ እንዲሆን እመቤቴ ትርዳኝ።

ጥር 21፣ አርብ፣ ጠዋት 5፡00

ከጽ/ቤቱ ደጃፍ ላይ ነኝ። እዚሁ ልጻፈው።

ጸሐፊው ወንበር ሰጣቸው። አልቀመጥም አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። “አባባ፣ የዝና ምንዎት ናት?” አላቸው።

“ልጄ።”

ያልገባቸው መስሎት ከመጀመሪያው አስረዳቸው። ሰሙት፣ እስኪጨርስ ጠበቁት። እንደገና ጠየቃቸው።

“ልጄ ናት አልኩህ እኮ” አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። “ብርቄ፣ ሌላ ያልሽውን ሁሉ ልታዘዝ። ይኼን አልችልም።”

ተናደድኩ፣ ደብተሬ። በምስክሮቹ ፊት ልጮኽባቸው ትንሽ ቀረኝ። ነገ ቅዳሜ ነው! ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሳያቸው ንዴቴ ወደ ሐፍረት ተለወጠ። ሽማግሌ ከጉና አስወርጄ ልጅህን ካድ ማለቴ ነው።

ለየዝና ደወልኩ። ወረቀቱ አልሆነም፣ አባዬ እንዲህ አሉ አልኳት። ከዚያ ለቅሶዋ ተሰማኝ። እሳቸውን ስጪኝ አለች።

ሰጠኋቸው። “ከቤቱ እንዳትወጪ” አሏት፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኸው። “እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር ነኝ። አንቺ ሳትመጪ ጉና አልመለስም።” ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ስልኩን ሲመልሱልኝ መስመር ላይ ነበረች። ለጓደኛዬ አልመጣም እላታለሁ፣ ማይሉ እስኪገባ እጠብቃለሁ አለችኝ።

6፡00

አጋሩ ጋ አስገባሁት። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ግማሹ ማይል ጠፋ፣ አይመለስም። ሳምንታት ይፈጃል ተብያለሁ፣ ከፈቃዷ ይቅደም አይቅደም አላውቅም። ቢሆንም ይኼኛው ነው።

አባዬ አጠገቤ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አስግገው ስልኬን ያያሉ። ደረሰ ወይ ይሉኛል።