የየሺ ደህናው ጉልበት

ሰኞ
አልታጠፈም። ሦስቴ ሞከርኩ። የየሺ ቀኝ ጉልበት ደርቋል፤ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ አቶ ይመር ከከላላ በኩል ሁለት ቀን በበቅሎ ይዘዋት መጡ። የዛሬ ሦስት ወር ያመጧት ጊዜ ጉልበቷ አብጦ በትኩሳት ትቃጠል ነበር። ውስጡ መግል መያዙን አውቄ ነበር። ወዲያው በመርፌ መቅዳት ነበረብኝ። የሕፃን መገጣጠሚያ ወግቼ ስለማላውቅ ፈራሁ፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍኩላት። መኪና ጠፍቶ ሁለት ቀን ዘገዩ። ነፍሷ ተረፈች። ጉልበቷ ቀረ።
አቶ ይመር ዛሬም "እግዜር ይስጥልን ዶክተር" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ
በመርፌ መግል መቅዳት የምንለማመድበት ጉልበት እየሠራሁ ነው። አናጺ የጠረበው እንጨት ለአጥንቱ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ለሥጋው፣ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ለቆዳው። ለመግሉ በጓንት ጣት የታሰረ አጥሚት። አዲሷ ሐኪማችን ማሕሌት አየችና "ይሄማ የትልቅ ሰው ነው" አለች። እውነቷን ነው። የልጅ ልክ ከየት ላምጣ?

ረቡዕ
እነ የሺ እግሯን የማፍታታት ሕክምና ለማሠራት ሳምንቱን መካነ ሰላም ዘመድ ቤት አርፈዋል። ደህናውን ጉልበቷን እንድለካ አባቷን ለመንኩ። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። እሳቸውም፣
"እሷ ላይ የፈሩትን ላስቲክ ላይ ሊማሩ?"
"አዎ አባባ" አልኳቸው።
"ይለኩ እንግዲህ። የሌላ ሰው ልጅ እንኳ ይትረፍ።"
ስለካት ኮርኩሯት ሳቀች። "ያኛውንስ?" አለችኝ።

ሐሙስ
ትንሹ ጉልበት አለቀ። ማሕሌት አራቴ እንጨቱን ወጋች። በአምስተኛው አጥሚቱ ሲሪንጁ ውስጥ ሲገባ እልል አለች። እኔ ግን በራሴ ተናደድኩ። ለመልመድ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ግማሽ ቀን!

ዓርብ
እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ አለቃችን ጉልበቱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈው። "እንዳትወጉት፣ ይበላሻል።" ለመወጋት እኮ ነው የተሠራው! ተጨቃጭቄ አስመለስኩት።

ቅዳሜ
ከዚሁ ዞን፣ ከማሻ የሦስት ዓመት ሕፃን መጣ። ያው እብጠት፣ ያው ትኩሳት። ጓንት ሳጠልቅ ማሕሌት "ለእኔ ተወው፣ ተለማምጄበታለሁ" አለችኝ። ተውኩላት። አንዴ ወጋች። ወፍራም ቢጫ መግል ወጣ። መድኃኒት ጀምረን፣ መገጣጠሚያው እንዲታጠብ ደሴ ላክነው። ዛሬውኑ ደረሰ።

እሑድ
ጠዋት ደሴ ደወልኩ። ታጥቧል፤ ትኩሳቱ ወርዷል። ጉልበቱ ይታጠፍ አይታጠፍ ገና አይታወቅም።
እነ የሺ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲነሡ ደረስኩ። ልናገር አልናገር ስል ቆይቼ ስለ ማሻው ሕፃን ለአቶ ይመር ነገርኳቸው።
"በእሷ ልክ ነው የተማራችሁት?"
"በእሷ ልክ ነው።"
"ተመስገን" አሉ። ፊታቸውን አዙረው የሺን አቅፈው በቅሎዋ ላይ አስቀመጧት። ግራ እግሯ ታጥፎ ኮርቻው ላይ ተመቻቸ። ቀኙ ወደ ጎን እንደተገተረ ሄዱ።