የታጠበችው አሥር ሳንቲም

አባዬ፣ ሁሉን ነገር ወደ ብርሃን አውጥተህ የምታይ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ይህን የምጽፍልህ በግራ እጄ ነውና ፊደሎቼ ተንጋደው ብታይ አትሳቅብኝ። ቀኝ እጄ ከክርኑ በታች ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። የሰበረው ጋዲሳ ነው፣ ያ ከሥራ ክፍልህ አጠገብ ያለው ባለ ጋራዥ፣ ጠዋት ጠዋት አብሮህ ሻይ ይጠጣ የነበረው። አትቆጣው፤ ሊመታ የፈለገው እኔን አልነበረም። ማንን እንደነበር ልንገርህ።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ ውሸት ነው። እማዬ መኝታ ቤታችሁን ትታ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። ጫማዎችህን ለማንም አልሰጠችም። አንዳንዴ ዝም ብላ ትነሳና ሳህን ከግድግዳ ጋር ታላትማለች፤ ከዚያ ስብርባሪውን ጠርጋ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ትላለች። እኔም ከሷ አልሻልም። ታክሲ ውስጥ ትከሻዬን የገፋኝን ሰው ሁሉ አንቀሽ ግደይው ይለኛል። ከእንጦጦ ራጉኤል ተሳልመህ ስትወርድ ጫካው ውስጥ ጠብቆ ጭንቅላትህን በድንጋይ የፈጠፈጠው ሰው እስካሁን አልተያዘም። ስልክህን ወሰደ፣ ሰዓትህን ወሰደ፣ ዕድሜህን ሙሉ ከኪስህ የማትለያትን የመዳብ አሥር ሳንቲምህንም ወሰደ። ሬሳህን የለየሁት እኔ ነኝ። ፊትህ ፊት ስላልነበረ በካልሲህ ነው የለየሁህ። እኔው ነበርኩ የገዛሁልህ።

ወሰን ሰፈር ያለችውን የሥራ ክፍልህን ግን አልዘጋኋትም። ስምህም በሩ ላይ እንዳለ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍታለሁ፤ የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢዎቹም ሳንቲሞቻቸውን መርምሬ ደረጃ እንዳወጣላቸው አሁንም ይመጣሉ። ያንተን ያህል ባልሆንም ዓይኔ ያንተ ነው ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ ደስም ይለኛል፣ ያመኛልም።

ትዝ ይልሃል፣ ያ ሽቅርቅር ሰውዬ የምታብረቀርቅ የመዳብ ሳንቲም በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ ሲያመጣ፣ ገና እጅህ ሳትገባ «ማን አጠባት?» ብለኸው እንዴት እንደተንጨረጨረ? ከሄደ በኋላ እኔን በሩ ላይ አቁመህ አስረዳኸኝ። መዳብ አዲስ ሲመታ ቀይ ነው። ከዚያ አየሩም፣ ላቡም፣ የሰው እጅም ቀስ በቀስ ቡናማ ያደርገዋል። ባረጀ ሳንቲም ላይ የድሮው ቀይ ከተረፈ የሚተርፈው እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው፣ በፊደሎቹ መሃል፣ ከአንበሳው ሆድ ሥር። ከላይ ቀልቶ ጉድጓዱ ውስጥ ከጠቆረ ግን አንድ ሰው በሎሚና በጨው ፈግፍጎታል። ሰው የሚያብለጨልጭ ነገር ዋጋው የሚጨምር ይመስለዋል፤ ሎሚው የሚገፈው ግን ቆዳውን ነው፣ የምታዪው ሥጋውን ነው አልከኝ። አሙቀውና በድኝ አጥነው የውሸት ቡናማ የሚያለብሱትም አሉ። ስለዚህ ቢቀላም ቢጠቁርም ትጠይቃለህ።

ትጠይቃለህ እንጂ ግን አትፈርድም ነበር። የጠረጠርካትን ሳንቲም «ቀለምዋ ያጠያይቃል» ብለህ ለባለቤቷ ትመልሳለህ፤ የውሸት ናት ስትል ሰምቼህ አላውቅም። እውነቱን ልንገርህና፣ ያኔ ፈሪ ትመስለኝ ነበር።

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ አንድ ጎልማሳ አንገቱን ደፋ አድርጎ ገባ። «ጋሼ ኃይሉ አሉ?» አለኝ። «የሉም» አልኩት። ሞቷል የምትለው ቃል ከአፌ አትወጣም፣ አባዬ። አንተን ብሎ የመጣውን ሁሉ «የሉም» እያልኩ ነው የከረምኩት። ሰውዬውም «ግድ የለም፣ እስኪመጡ እጠብቃለሁ» ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔም ማየት እችላለሁ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ከወረቀት ፈትቶ ሰጠኝ።

የመዳብ አሥር ሳንቲም ናት። ቀለምዋ ቅርፊቱ እንደተነሳ ቁስል ሮዝ ነው። «ማን አጠባት?» አልኩት። «ማንም። የአያቴ ናት፣ ድሮም እንዲህ ናት» አለ። መዋሸቱን ወዲያው አወቅሁ። እንዳስተማርከኝ ወደ በሩ ይዣት ሄጄ ጉድጓድ ጉድጓዱን ሳይ፣ ከአንበሳው ሆድ ሥር ሁለት የምስማር ነጥቦች አሉ። ያንተዋ ናት፤ አያትህ አንገቷ ላይ ልታስራት መብሳት ጀምራ የተወቻት። ሎሚው ያልደረሰው እነዚያ ሁለት ነጥቦች ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ያው የምናውቀው ቡናማ ቁጭ ብሏል።

ደምህን ነው ያጠበው አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ጉሮሮው ላይ ነበርኩ፤ ጥፍሬ አንገቱ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል። «ገዳይ! አባቴን የገደለው ይኸውላችሁ!» ብዬ ጮህኩ። የጋራዡ ልጆች ግር ብለው ገቡና ከእጄ ነጥቀው ወደ ውጭ ጎተቱት። በቡጢ፣ በርግጫ፣ በመፍቻ ወረዱበት። ጥርሱ ሲሰበር ሰማሁ። አንድ ዓይኑ አብጦ ጠፋ። ጭቃው ውስጥ በተንከባለለ ቁጥር ሌላ ሰው ሮጦ እየመጣ ይረግጠዋል፤ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ የለም። አንዱ አሮጌ ጎማ እያንከባለለ መጣ፣ ሌላው ቤንዚን አምጡ አለ።

እኔም ደስ አለኝ። አልዋሽህም። ካንተ ሞት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሲቃጠል ማየት ፈልጌ ነበር።

ሰውዬው ደም እየተፋ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል። መጀመሪያ አልሰማሁትም። ጠጋ ስል፣ «ጋሼ ኃይሉን ጥሩልኝ፣ እሳቸው ይፍረዱልኝ» ነው የሚለው። «እባካችሁ፣ እሳቸው እስኪመጡ ጠብቁኝ።»

ያኔ ገባኝ፣ አባዬ። በሕይወት ያለህ መስሎታል። የገደለህ ሰው አግዳሚህ ላይ ቁጭ ብሎ እስክትመጣ አይጠብቅህም። «አይደለም! እሱ አይደለም!» ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? ሰው ሁሉ አብዷል። ላዩ ላይ ተደፋሁበት። ያን ጊዜ ነው የጋዲሳ ብረት እጄ ላይ ያረፈው። አጥንቴ ጓ ሲል እሱም ሰማው። ብረቱን ጥሎ ራሱን ይዞ ቁጭ አለና በኦሮምኛ እያለቀሰ ፈጣሪውን ይጠራ ጀመር። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደኋላ አሉ። ጎማው እዚያው መንገዱ መሃል ቀረ።

ሰውዬው ታደሰ ይባላል። ሚስቱ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምታወርድ ሴት ናት። ሳንቲሟን ያገኘቻት እሷ ናት፤ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ቅጠል ውስጥ፣ ጭቃ ለብሳ። ታደሰ የድሮ ሳንቲም የሚያውቁ ጋሼ ኃይሉ የሚባሉ ሰው ወሰን ሰፈር አሉ ሲሉት፣ እንዲህ ቆሽሻ ለትልቅ ሰው አትቀርብም ብሎ በሎሚና በጨው ሲፈገፍጋት አደረ። የአያቴ ናት ያለው ሌባ እንዳይባል ፈርቶ ነው። በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው።

ሚስቱ ፖሊሶቹን ይዛ ወጥታ ቦታውን አሳየቻቸው። አንተ ከወደቅህበት ርቆ ወደ ላይ ነው። የገደለህ ሰው ወደ ከተማ ሳይሆን ወደ ተራራው ነው የሸሸው ማለት ነው፤ መርማሪው ይህን ሲሰማ ጉዳይህን እንደ አዲስ ያዘው። ያን ቀን ታደሰን አቃጥለነው ቢሆን ይህም አብሮት አመድ ይሆን ነበር።

እማዬና እኔ ሆስፒታል ሄደን ጠየቅነው። የፊት ጥርሶቹ የሉም። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደግሜ ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨነቅሁትም። ሚስቱ ግን አየችኝ። አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ እኔም ያንተን ገዳይ በልቤ የማየው እንደዚያ ነው።

ሳንቲሟ ፖሊስ ዘንድ ናት። ማንም እንዳይጠርጋት ለመንኳቸው። ስትመለስልኝ ቡናማ እንድትሆን ብዬ ምንም አልቀባትም፤ ኪሴ ውስጥ ትኑር፣ የሚወስደውን ጊዜ ይውሰድ።

ያን ቀን «የሉም» ባልል ኖሮ፣ አባቴን ገድለውታል ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ታደሰ ደንግጦ እውነቱን ይነግረኝ ነበር። ጥርሶቹም አፉ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ለዚህ ነው ቃል የምገባልህ። ከእንግዲህ በርህን ገፍቶ ስምህን ለሚጠራ ሁሉ፣ ዕቃውን ከመቀበሌ በፊት ቆሜ እነግረዋለሁ። ጋሼ ኃይሉ ሞቷል። ከራጉኤል ሲወርድ ገድለውታል። እኔ ልጁ ነኝ፣ ቁጭ በል፣ ያመጣኸውን አሳየኝ።

ልጅህ፣
ሰላም