በወሬ የሚሸጥ ቤት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት
የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ መንገድ ዘግተዋል፤ ዛሬም ታክሲ የለም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ። ዩኒቨርሲቲ መሄድ ቀረ። ቡራዩ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የቀዳሁትን ቃለ መጠይቅ እገለብጣለሁ።

አማካሪዬ ዶ/ር ሰ. ደወለ። ርዕስ ቀይሪ ይላል። ሰው በስጋት ጊዜ ቤቱን ለመሸጥ እንዴት እንደሚወስን ማጥናት ለማስተርስ አይሆንም፣ ጊዜውም አይደለም። የባንክ ደንበኞች ላይ መጠይቅ በትኚና ገላግይኝ። እምቢ አልኩ። እኔ!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6
ማስታወሻዬ ሆይ፣ ጥናቴ ሳሎናችን ገባ። ደላላ መጥቶ ለእማዬ በግማሽ ዋጋ የሚገዛ ሰው አለኝ፣ ሳይብስ ሽጪ አላት። እሑድ ይዞት ሊመጣ ነው። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ፈርታ አላየኋትም።

“ከታች ያሉት ጎረቤቶች ሸጡ አሉ። እኛ ምን እንጠብቃለን?”

የሸጡት ሁሉ የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ዋጋ ያሰላ የለም። ለእሷ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ልጇ ነኛ፣ ማን ይሰማኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8
አገኘሁት! ያልሸጡትን ደግሜ አዳመጥኩ። ደፋር ስለሆኑ አይደለም፤ እኩል ፈርተዋል። ግን ከመወሰናቸው በፊት ጎረቤት አንኳኩተው ጠይቀዋል። የሸጡት በወሬ ሰሙ፣ ያልሸጡት ጠየቁ። በቃ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9
እማዬን እየጎተትኩ ኦቦ ዲንቃ ቤት። ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበሬ። የቀረቻቸውን መሬት ከተማዋን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ይወስዳታል ብለው ይሰጋሉ። እማዬ እሳቸውም እንድንለቅ ይፈልጋሉ፣ ጠምደውናል ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

“አካም ጂርታ፣ አዴ የሺ?” ብለው በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠይቀው ለእማዬ ወንበር ሳቡላት።

ልትሸጥ መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውም፦ “እኔ ለመሬቴ ነው የምጮኸው። አንቺን ማን ሂጂ አለሽ? ደላላው የሚያመጣውን ሰውዬ እኔ የት አውቀዋለሁ? የማውቀው ጎረቤቴን፣ አንቺን ነው።”

“ከታች ያሉት ሸጡ ሲሉኝ ጊዜ...”

“ተነሺ፣ እንጠይቃቸው።”

ሦስታችንም ወረድን። አልሸጡም! ለእነሱ ደግሞ ያው ደላላ “ከላይ ያሉት ሸጡ” ብሏቸዋል። እማዬ መጀመሪያ ተናደደች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም።

እሑድ
ደላላው ገዢውን አስከትሎ መጣ። እማዬ በሩን ከፍታ ቆመች። “የሚሸጥ የለንም። ከታች ያሉትም ሰላም ብለውሃል።” ዋ እማዬ!

ሐሙስ፣ ሰኔ 9፣ ማታ
ጥናቴን ፈታኝ ፊት አቅርቤ አለፍኩ! በከፍተኛ ማዕረግ!!

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈዋል፤ መንገዱ ግን አሁንም አንዳንዴ ይዘጋል። ዛሬ ክፍት ነበር። ፈታኙ አስጨነቀኝ። ያልሸጡት ሰዎች ቀድሞውንም መሸጥ ያልፈለጉ ቢሆኑስ፣ ጎረቤት ከመጠየቅ ጋር ምን አገናኘው? እንደፈሩ፣ አንዳንዶቹም ከደላላ ጋር ዋጋ ጨርሰው እንደነበር በራሳቸው ቃል አነበብኩለት። ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያ ይታተም አለ። ዶ/ር ሰ. ርዕሱን ከጅምሩ እንደወደደው ለሁሉም ሲያወራ ሰማሁ። ይሁን፣ ዛሬ ለማንም ቂም የለኝም።

እማዬ ግቢውን በሰው ሞልታ ጠበቀችኝ። ኦቦ ዲንቃ መረቁኝ። ቀጥለው፦ “መሬቱ የሄደበት ገበሬ የካሳውን ብር ምን እንደሚያደርገው፣ ለምን እንደሚያልቅበትስ የሚያጠና አለ?”

እኔ እስከማውቀው የለም።

እንግዲህ ወሰንኩ። ዶክትሬት እማራለሁ፤ ጥናቱም ይኸው ነው። ከሱሉልታ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ሰበታ። ኦሮምኛዬን ግን አስቀድሜ ላስተካክል፤ በአስተርጓሚ አልጠይቅም። ኦቦ ዲንቃ አስተምርሻለሁ ብለዋል፣ ከነገ ጀምሮ።