ሦስት ካሜራ ለእማማ ፉሚ ፊት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ማሳቶ፤

ከሰላምታው በፊት አንድ ከባድ ኃጢአት ልናዘዝ። ካሜራዬን ፈገግታ ካላየ እንዳያነሳ አድርጌ ካስተካከልኩ በኋላ፣ ለሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ትንፍሽ አላልኩም። ይቅር በለኝ። አሁን ወደ ደንቡ ልመለስ፤ እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? የሳፖሮ ብርድ ጆሮህን ትቶልሃል? ዩካስ እርግዝናው እንዴት ይዟታል? እኛ ከአያታችን ከእማማ ፉሚ ልብ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እማማ ሐሙስ ለልብ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ዶክተሩ ተስፋ ሰጥቶናል፤ እሷ ግን «ተስፋውን እናንተ ያዙ፣ እኔ ፎቶዬን ልያዝ» አለች። ምናልባት ካልተመለሰች በቤታችን የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ላይ የሚቆመውን ፎቶ ራሷ መምረጥ ፈልጋ ነው። «እናንተ የመረጣችሁልኝን ፊት ይዤ ለዘላለም አልቀመጥም» አለችን።

ትናንት ጥቁር ኪሞኖዋን ለብሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ወንድ አያታችን አባባና የካሜራ ማኅበር ጓደኛቸው አቶ ሂራታ ግን ፎቶውን ትተው ጦርነት ከፈቱ። አባባ «የሰው ፊት የሚያውቅ ካኖን ነው፤ ቆዳውን ሞቅ ያደርገዋል» ሲሉ፣ አቶ ሂራታ «የሚሞቀውማ ሾርባ ነው! ኒኮን ያለውን እንዳለ ያሳያል» አሉ። አባባም «ያለውን እንዳለማ መስታወትም ያሳያል፤ አንተ ግን ካየኸው ቆይተሃል» ብለው መለሱላቸው።

የሁለቱንም ፎቶ ጎን ለጎን አድርገን ለእማማ አሳየናት። «አንዷ ሙሽራ፣ አንዷ ዳኛ፤ እኔ የቷ ነኝ?» አለች። እውነቱን ልንገርህ ወንድም ጋሼ፣ ሁለቱም ጥሩ ካሜራ ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለችው ግን የፈራች ሴት ነበረች።

ከዚያ የእኔን ሶኒ ደገንኩ። ዝም አለ። «ሞተ!» አሉ አባባ ደስ ብሏቸው። እማማ «ቀደመኝ እንዴ?» ስትል ማንም አልሳቀም። አባባ የኪሞኖዋ አንገት መጣመሙን አይተው «እንዲህ ሆነሽ ልትቀመጪ ነው?» አሉና ጎንበስ ብለው አስተካከሉላት። በሰው ፊት ሲነኳት አይቼ አላውቅም። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ያኔ ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶው ላይ የአባባ እጅ ገብቷል። «በሙት ፎቶ ላይ የሕያው ሰው እጅ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ቁረጪው» ብለው አዘዙኝ። እማማ ግን ለብቻዬ ጠርታ «ሐሙስ እሱን ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ይመልሱታል። እዚህ ፎቶ ላይ ግን ማንም አይመልሰውም፤ እጁን እንዳትነኪ» አለችኝ። ስለዚህ ያልተቆረጠውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ከቻልክ ከሐሙስ በፊት ድረስልን።

እናታችን ወፍራም ሹራብ ልበስ ትልሃለች። አባታችን እንደ ልማዱ ራሱን ነቅንቆ ሰላም ብሎሃል። አቶ ሂራታ ኒኮን ግዛ ይሉሃል። እማማ የሚወለደውን ልጅ ከአሁኑ ስማዋለች። ዩካን ሳምልኝ። አባባ ደግሞ ምን እንደሚሉህ ልጠይቃቸው ስል ለካ ኋላዬ ቆመዋል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን ትክ ብለው እያዩ ነው።

«ቺዙሩ! ይሄ እጅ አሁንም እዚህ ምን ይሠራል?»

ኦኖሚቺ፣ ኖቬምበር 2009