የብርዙ ክፍል ግድግዳ

ረቡዕ

አፍርሶታል። ግድግዳውን።

ከደሴ ኩታበር ድረስ በሚኒባስ ታጭቄ የመጣሁት ለወንድሜ ለብርሃኑ ልጅ ሠርግ ነበር። ብርሃኑ ኮምቦልቻ ብሎኬት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የጭቃ ቤት ሲያይ እጁን ይበላዋል። አያታችን የሠሩት ጠጅ ቤት ሁለት ክፍል፣ ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ለጠጁ፣ ሌላው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብርዝ፣ ጌሾ ላልነካው የማር ውሃ። አሁን አንድ ክፍል ነው። ጋኖቹም ተደባልቀው እንደ ምልምል ወታደር ተሰልፈዋል። የብርዙ የቱ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ሁሉንም በሳሙና አሳጥቤያለሁ አለኝ።

«አዳራሽ አይመስልም?»

ይመስላል። የቀበሌ።

ሐሙስ

ማክሰኞ የተበረዘው ብርዝ ላይ ጆሮዬን ደገንሁ። ብርዝ ዝም ይላል፤ ይሄ ያወራል። ከፈትሁት፤ አረፋ። የጠጅ ጋን ውስጥ ነው የጨመሩት። ሸክላ የጠጣውን በሳሙና አይተፋም።

ብርሃኑ ቀመሰና ምላሱን አጣጣመ።

«ትንሽ ቆንጠጥ ቢያደርግ ነው። ማን ያውቃል?»

ሰዎቹ እኮ ከእጃችን የሚቀበሉት መርምረው አይደለም፤ አምነው ነው። ጋኑን ገለበጥሁት። ከባድ ነበር፤ ንዴት አገዘኝ። አዲሱን የሲሚንቶ ወለል ዝንቦች መረቁት።

ዓርብ

የአባቴ ወዳጅ ሼህ ሰይድ ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው። የብርሃኑን «ማን ያውቃል» ግን ዋጥሁት። ያን ያህል ጀግና አይደለሁም።

ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ያን ግድግዳ ሲያቆሙ የኔም አያት ጭቃ ረግጠዋል፣ ልጄ። ሊለያዩ መስሎሻል? አንድ ድግስ ሊቀመጡ ነው።»

እሁድ ይመጣሉ ወይ አልኋቸው። ኢንሻአላህ አሉ። ኢንሻአላህ ስንት ዓይነት እንደሆነ ወሎ ያደገ ያውቀዋል። የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም።

እሁድ

መጡ። ከነጎረቤቶቻቸው፣ ብርዝ የሞላ የራሳቸውን ጋን በአህያ አስጭነው። ብርሃኑ ተሽቀዳድሞ ወደ አዳራሹ ሊያስገባው ሲል በከዘራቸው በሩን ዘጉት።

«ግድግዳው እስኪመለስ ደጅ ይቀመጣል።»

ጋኑ ግቢው መሐል ተቀመጠ፣ እንግዳ ሁሉ እያየው። ብርሃኑ፣ የሙሽራዋ አባት፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ እየቀዳ አስተናገደ። ለምን ደጅ ሆነ ላለው ሁሉ ሌላ ሌላ ምክንያት ሲሰጥ ሰማሁት። አላገዝሁትም።

አሁን እንግዳው ተበትኗል። ብርሃኑ አጠገቤ መጥቶ፣ የግድግዳ ጭቃ ስንት ቀን ነው የሚቦካው አለኝ። ሼሁን ጠይቃቸው አልሁት።

የሼሁ ደጅ ከኛ ደጅ ይታያል። ብርሃኑ እስካሁን ቆሞ እያየው ነው።