አባባ ስለ አር.ኤን.ኤ የጠየቁኝ ቀን

ቢቸና፣ ቅዳሜ የካቲት 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለሰኞው የባዮሎጂ ትምህርት ስዘጋጅ አባባ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ ሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ በሽታዎ ጨጓራ ነው ብለናቸዋል። ካንሰር መሆኑን የምናውቀው ወንድሞቼና እኔ ብቻ ነን። ወጉም ይኸው ነው፤ ለታማሚ ፊት ለፊት አይነገርም።

"ምንድን ነው የምታነበው?" አሉ።

ስለ አር.ኤን.ኤ፣ በሴል ውስጥ የዘር መልእክት ስለሚያደርሰው ሞለኪውል ነው አልኳቸው። አብዛኛው አር.ኤን.ኤ ለፕሮቲን መሥሪያ እንደማያገለግል፣ ድሮ ከንቱ ይባል እንደነበር፣ አሁን ግን ከመካከሉ ሴሉን "በቃህ፣ አትራባ" ብሎ የሚገታ መገኘቱን ነገርኳቸው። ገቺው ሲጠፋ ሴሉ ያለ ልክ ይራባል፤ ዕጢም ይሆናል። ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ነው ያስረዳሁት። ማን ፊት እንደተቀመጥኩ ረስቼው ነበር።

"የጠፋውን መመለስ አይቻልም?"

"እየተሞከረ ነው። መድኃኒት ሆኖ ሰው ጋ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።"

"እኔ ጋማ አይደርስም።"

እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ማወቄን ለወንድሞችህ እንዳትነግራቸው" አሉ። "እኔን ላለማስደንገጥ ይህን ያህል ደክመው፣ አሁን እነሱ ቢደነግጡ ምን ይጠቅማል።"

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሞቼ ከጉንደ ወይን ይመጣሉ። እንደ ልማዳቸው "አባባ፣ ጨጓራዎ እንዴት ነው?" ይላሉ። አባባም "ተሽሎኛል" ይላሉ። ከዚያ ሁለቱም ወገን በጎን እኔን ያያሉ፣ እንዳልናገርባቸው።